ክንፏ ብቻ ናት የምትሰማኝ

ልጄ የሞዴል አውሮፕላኑን ክንፎች ከመቆጣጠሪያው ጋር ሲያስማማ ትንንሾቹ ሞተሮች እዝዝ አሉ። ያ ድምፅ በደርግ ጊዜ ወደነበረው የጅጅጋ ቤታችን መለሰኝ።

አባባ የፊዚክስ መምህር ነበር። ጭራ የሌላት አውሮፕላን ሠርቶ፣ የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ዘንግ ወደ ራሱ ሲስብ የሁለቱም ክንፎች ጫፍ አብሮ እንዲነሳ፣ ወደ ጎን ሲገፋው ደግሞ አንዱ ወጥቶ ሌላው እንዲወርድ ለማድረግ ስንት ቀን ለፋ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይጠራ ገባ። የመቆጣጠሪያውን አንቴና እያየ፣ «ጓድ መምህር፣ በዚህ ሬዲዮ ከድንበር ማዶ ማን ነው የሚሰማህ?» አለ።

«ክንፏ ብቻ ናት የምትሰማኝ» ብሎ አባባ አሳየው።

አንዱ ክንፍ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሲሄድ ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማደደ። «በአንድ ትእዛዝ ሁለት ነገር? ይሄ ቀጥተኛ ሥራ አይደለም» አለና መቆጣጠሪያውን ይዞ ሄደ።

አባባ በሩን ዘግቶ እናቴን ገላመጣት። «ወሬው ከዚህ ቤት ነው የወጣው።»

ትምህርት ቤት ለሊቀመንበሩ ልጅ ስለ አውሮፕላኗ የጎረርኩት እኔ ነበርኩ፤ አባባ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

«እማዬ፣ ለጓደኞቼ ላሳያቸው?» አለኝ ልጄ።

«አሳያቸው» ከማለቴ በፊት በሩን አየሁ።