አባቴ የማይጥላቸው ቁርጥራጮች

መሳለሚያ ታክሲ ስጠብቅ ከአንዱ ጓሮ የሚነድ ጎማ ሽታ ከመጣብኝ፣ ተራዬን ትቼ አየር ወዳለበት እሄዳለሁ። ሽታውን ግን ከመጥላቴ በፊት ወድጄው ነበር፤ የአባቴ ሽታ ነበርና።

አባቴ ምን አለሽ ተራ ያረጀ ጎማ እየቆረጠ በረባሶ ጫማ ይሠራ ነበር። በጋውን ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ ቢላዋው ላይ ውሃ አፈስ ነበር፤ ደረቅ ቢላዋ ጎማ አይቆርጥም። ከወፍራሙ ጎማ ሶል፣ ከውስጠኛው ስስ ከመነዳሪ ማሰሪያ ያወጣና፣ የተረፈውን ቁርጥራጭ በጆንያ እያጨቀ ቤት ያመጣው ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቢሆንልህ ሽታውንም ትሸጠው ነበር» እያለች ታሾፍበት ነበር። እሱም «ጎማ አይሞትም» ብሎ ይስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባና ከሰሉ ሲረጥብ፣ እናቴ በዚያ ቁርጥራጭ ትለኩሰው ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ደጅ፣ ጥቁሩ ጭስ ወጥቶ እስኪያልቅ ቆማ ጠብቃ ነበር ማንደጃውን የምታስገባው። ስምንት ዓመት በሞላኝ ክረምት ወንድሜን ወለደችና አራስ ሆና ተኛች፤ በሩ ተዘጋ፣ የግድግዳው ቀዳዳ ሁሉ ምች እንዳያስገባ በጨርቅ ተወተፈ፣ እሳቱም የኔ ሥራ ሆነ።

ዝናቡ ደጅ አላስቆም ሲለኝ አባቴን ጠየቅሁት። «እዚሁ ለኩሺው፣ ትንሽ ቁራጭ ምንም አይል። በሩን ብቻ እንዳትከፍቺ» አለኝ።

እናቴ ጠዋት ጠዋት የሕፃኑን አፍንጫ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ጨርቁ ይጠቁር ነበር። ትንፋሹ ሲያፏጭ በርዶት ነው ብለን እሳት ጨመርንለት። ባሰበት፤ እኛም ጨመርን። ነሐሴ ሳያልቅ ሞተ። እትዬ ዘነበች ምች ነው አለች፤ ሁላችንም ምች ነው አልን። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ ጎማውን ዘረጋ፣ እኔም ውሃዬን ማፍሰስ ቀጠልሁ።

ትምህርት የጀመርሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አንድ ቀን ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ጭስና ስለ ሕፃናት ሳንባ የሚናገር ገጽ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሳነብ፣ ፊደል ያልቆጠረው አባቴ አጠገቤ ነበር።

«መጽሐፉ ስለ ምች ይላል እንዴ?» አለኝ።

ከእውነት ዝንፍ ማለት አልወድም፤ ያን ቀን ግን «ገና አልደረስሁበትም አባዬ» አልሁት።

ፊቴን ትንሽ አየና «ስትደርሺ ንገሪኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።

ዛሬ ምን አለሽ ተራ ያለውን ቁርጥራጭ መኪና እየመጣ ይጭነዋል፤ ተፈጭቶ ሌላ ዕቃ ይሆናል ይላሉ። አባቴ አርጅቶ ከኔ ጋር ይኖራል። ያኔ የግድግዳ ቀዳዳ በጨርቅ ስንደፍን የነበርን ሰዎች፣ አሁን በክረምትም በራችን ገርበብ እንዳለ ነው። ብርዱ ጉልበቱን ይዞት ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል እንጂ፣ አባቴ አንድም ቀን ዝጊው ብሎኝ አያውቅም።