ልብስ ሰፊው አባቴ የለኩት በር

ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ እኔና ባለቤቴ ደሴ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠራን። ቆርቆሮው ተመቶ፣ ግድግዳው ተመርጎ የቀረን የውጭ በሩ ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ያለ አንድ በያጅ የብረት በር ሊሠራልን ተስማማና ልኩን ላኩልኝ አለን።

«እኔ እያለሁ ማን ሊለካ ነው?» አሉ አባቴ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ሳያንጠለጥሉ ከቤት አይወጡም። የበሩን ቀዳዳ በጥንቃቄ ለክተው በወረቀት ጻፉልኝ።

በሩ በአይሱዙ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደረሰ። በያጁ ሊገጥመው ቢታገል አልገባ አለው። ቀዳዳውን እንደገና ለካና ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።

«ይሄን የለካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ ወርዱ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ሆኖ ዘጠና አምስት ጽፈዋል እኮ!»

«ለስፌት የሚሆን ትርፍ ጨምሬ ነዋ። ልክ በልክ የተቆረጠ ልብስ፣ ወላሂ፣ ማንን ገብቶት ያውቃል?»

በያጁ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «የበር ተቃራኒው ነው አባባ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካና ትንሹ ይያዛል። ከእሱም ላይ ለመግጠሚያ ትንሽ ይቀነሳል።»

አባቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር። አንጀቴን በሉት።

«አብሽሩ አባ፤ እኔም ሰፋ ያለ በር ነበር የምፈልገው» አልኳቸው።

«አትዋሺ» አሉኝ፤ ግን ፈገግ አሉ።

ደግነቱ ጭቃው ገና በደንብ አልደረቀም። ግድግዳውን በአንድ ወገን አፍርሰን ቋሚውን ገፋ አደረግነው። በያጁ መቃኑን በቱንቢ አስተካክሎ ሲያቆም፣ አባቴ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ዙሪያውን በእጃቸው መረጉት። በማግስቱ መጥተው በሩን አምስት ስድስት ጊዜ ከፈት ዘጋ አደረጉና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አይንቋቋም» አሉ።

በያጁን ግን በዚያው ወዳጅ አደረጉት። ለዒድ ሱሪ ሰፉለት። ደሴ በመጣ ቁጥር ሱቃቸው ጎራ ይላል፤ ሁለቱ ስለ ጨርቅና ስለ ብረት ሲከራከሩ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል።