ቀድማ የምትወርደው እናቴ

ባለፈው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ ከፊታችን የምትሄደው አሮጌ ሚኒባስ የፍሬን ሸራዋ እየተቃጠለ ነበር። ሽታውን ታውቁት ይሆናል፤ የላስቲክም አይደለም፣ የፀጉርም አይደለም፣ የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ መስኮቱን እንድዘጋ ነገረችኝ። እኔ ግን ትንሽ እንድትታገሰኝ ለመንኳት። ሌላው ሰው የአበባ ሽታ ይናፍቃል፣ እኔ የተቃጠለ ሸራ እናፍቃለሁ፤ ምን ይደረግ።

ያደግነው ቀጨኔ ነው፤ ዳገቱ መሃል ላይ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ጫማውን ሦስት ጊዜ ሶል የሚያስቀይር፣ ገመድ አገኘሁ ብሎ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ቁጥብ ሰው። በዕድሜው ያበደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያበደውም በመኪና ነው። ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ላይ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ገዛ። ለቀጨኔ ዳገት የስፖርት መኪና! ሆዷ መንገዱን እየላሰ ነበር የምትወጣው። የኋላ ወንበሯ ለስሙ ወንበር ይባላል እንጂ የተቀመጠበት ሰው ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ነው የሚጓዘው።

የእጅ ፍሬኗ ሲገዛትም አይሠራም ነበር። ማንሻውን ከኋላ ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው ካቦ ዝጎ ተበጥሷል። በእኛ ዳገት ላይ ደግሞ ማርሽ አስገብተው ቢያቆሟትም ቀስ እያለች ትንሸራተታለች። ስለዚህ ታኮ ያስፈልጋል፤ ከጎማው ሥር የሚወሸቅ ድንጋይ ማለት ነው። አባቴ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት ስለማይችል ድንጋዩን የምታስቀምጠው እናቴ ነበረች። መኪናዋ እንደቆመች በሯን ከፍታ ትወርዳለች፤ ሒጃቧን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ታጎነብሳለች፤ ድንጋዩን ከቦታው አንስታ ከጎማው ሥር ትወሽቃለች፤ ከዚያ የመኪናዋን ጀርባ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች። አባቴ እግሩን የሚያነሳው ያኔ ነው። ከሠርግ ሲመለሱም፣ ከለቅሶ ሲመለሱም፣ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድም ያው ነው። የሰፈሩ ሰው "ረዳቷ" እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች። አባቴ ፍሬኑን ለምን እንደማያሠራው ሲጠየቅ የዚች መኪና መለዋወጫ አገር ውስጥ እንደሌለ ያስረዳና "ደግሞ ድንጋይ አይበላሽም" ይላል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

ከዚያ የእናቴ ወገብ እምቢ አለ። መጀመሪያ ብርድ ነው አለችን፤ ቀጥሎ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መዋሉ ነው አለች። እግሯን መጎተት ስትጀምር ግን መደበቅ አልቻለችም፤ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ከምሠራበት ከአዳማ የሳምንት ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ሐኪሙ አባቴንና እኔን አስቀምጦ ለወራት ማጎንበስ እንደሌለባት፣ ክብደት ያለው ነገር ካነሳች የተሠራው ሁሉ ሊበላሽና እንደገና መራመዷም ሊያጠራጥር እንደሚችል ነገረን። አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

"ድንጋይስ?"

ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ገብቶኝ መሬት መሬቱን አየሁ።

የዚያን ቀን ቤት ስንደርስ ወርጄ ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ከወረደ በኋላ ዞሮ መጣና እኔ ሌላ ድንጋይ ፈልጌ እስክተካ ጠብቆ የእናቴን ድንጋይ ከጎማው ሥር አወጣው። በሁለት እጁ ይዞ መዘነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንስቶት አያውቅም ነበር። ከባድ ነው ወይስ ቀላል ሳይል መልሶ አስቀመጠውና ወደ ቤት ገባ።

እናቴ የምትወጣው ቅዳሜ ነው፤ እኛ ረቡዕ ላይ ነን። ለቅዳሜ ታክሲ እንደሚበቃ ነግሬው ነበር። እሱ ግን ከቅዳሜ በኋላ ስላለው ነበር የሚያስበው። እኔ አዳማ እመለሳለሁ፤ ለክትትል የሚወስዳት እሱ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ከልማዷ የተነሳ ሳታስበው ወርዳ ታጎነብሳለች። ልማድ ሐኪም አይሰማም።

በማግስቱ ጠዋት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄደ። ለምሳ ሲመለስ ካቦው በፌስታል ተጠቅልሎ በእጁ ነበር። የሌላ መኪና ነው፤ ትንሽ ተቆርጦ ልክ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት አገር ውስጥ የለም የተባለው ዕቃ በግማሽ ቀን ተገኘ። ፊቱ ግን የፈለገውን ያገኘ ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሲሠሩ መዝሙር የሚያንጎራጉሩ። እንጥራቸው ስለው እምቢ አለኝ፤ ይህን በገዛ እጄ ነው የምሠራው አለ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሸሚዙ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ዋለ። አዲሱን ካቦ ዘረጋ፣ ከማንሻው ጋር አገናኘ፣ ከዚያ ጉልበት እስኪያጥረው ድረስ ወጥሮ አጠበቀው። ማንሻውን ስቦ እግሩን ሲያነሳ መኪናዋ ፍንክች አላለችም። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ፊቱ ላይ ያለውን ግራሶ እንኳ ሳይታጠብ ለእናቴ ደውሎ ሊነግራት ነበር፤ መልሶ ራሷ ትየው ብሎ ተወው።

አርብ ጠዋት እናቴን ልንጠይቅ ስንሄድ መኪናዋ መሄድ ከበዳት። አባቴ ነዳጅ ይሰጣታል፣ እሷ ታቃስታለች። እናቴ የተኛችበት ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ስንደርስ ያ ሽታ መጣ፤ ከኋላ ጎማው ጢስ ይወጣ ጀመር፤ መንገደኛው ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ያሳየናል። ዳር ይዘን ቆምን። አባቴ ወርዶ ጎማውን ሊነካ ሲል ሙቀቱ እጁን መለሰው። ለምን እንደሆነ አላወቅንም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ በግራሶ የቆሸሸ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀመጠ፤ "አልችልም ማለት ነው" አለኝ። አባቴን አልችልም ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴን ጠይቀን፣ ስለ ጢሱም ሳንነግራት፣ ጎማው ከበረደ በኋላ፣ የተነካው እሱ ብቻ ነውና ካቦውን አላልተን ቤት ተመለስን። አባቴ ራሱ ሄዶ የጎረቤታችንን በር አንኳኳ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉት። "ከላይ ጀመርክ። ካቦ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ታች ያለውን አስተካክል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸራው ከጎማው ጋር ከሚዞረው ብረት፣ ከሚይዘው ታምቡር፣ በጣም ርቆ ነበር፤ አባቴ ያን ርቀት በካቦ ጉልበት ሊሞላው ስለሞከረ ሸራው ማንሻው ሲወርድም አልለቅ ብሎ እየተፋተገ ሄደ። ሽማግሌው የተቃጠለውን ሸራ በሌላ ከቀየሩ በኋላ ሥራውን ለአባቴ ተዉለት። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስተን፣ ማንሻውን አውርደን፣ ሸራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ታምቡሩ አስጠጋው። ጎማውን በእጁ እያዞረ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። እስኪነካ ድረስ ያስጠጋል፤ ሲነካ ትንሽ ይመልሳል፤ ጎማው በነፃነት ሲዞር ወደ ሌላው ያልፋል። ካቦውን የነካው ከሁሉም በኋላ ነው። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መዝሙራቸውን ያንጎራጉራሉ፤ አባቴ "ቢስሚላህ" እያለ ብሎኑን ያጠብቃል። ማንሻው አምስት ጊዜ ቀጭ ብሎ ያዘ። ሰፈር ውስጥ አለ የተባለውን ዳገት ሁሉ እየዞርን ሞከርነው፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ጎማውን ይነካል። ቀዝቃዛ ነበር።

አሁን ሳስበው አባቴ ከዚያ በኋላ የኖረው አራት ዓመት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴን ከፊት፣ ወንበሩን ዘንበል አድርገን አስቀመጥናት፤ እኔ ከኋላ ተጣጥፌ ገባሁ። አባቴ መንገዱን ሙሉ ስለ ፍሬኑ ምንም አልተነፈሰም። ሰፈራችን ስንደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ መስታወቱን ሞልታው ነበር። መኪናዋ በራችን ላይ ቆመች። የእናቴ እጅ ወዲያው ወደ በሩ እጀታ ሄደ።

"ተቀመጪ" አላት፤ ማንሻውን ሳበውና እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ።

እናቴ በሁለት እጇ ከፊቷ ያለውን የዳሽቦርድ ጠርዝ ጨብጣ መኪናዋ እስክትንሸራተት ጠበቀች። አልተንሸራተተችም። ከቦዩ የሚወርደው ውሃ ይሰማል። እናቴ ማንሻውን አየችው፤ ከዚያ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ግራሶ የቀረበትን የአባቴን እጅ አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

"ይሄ ይቻል ነበር እንዴ?"

አባቴ ወደ እሷ አልዞረም። ሰበብ መስጠት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ መለዋወጫውን ሊያነሳ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ይቻል ነበር" አላት።

ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ጨብጣ የነበረውን ለቀቀች፤ ጀርባዋን ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ አሳረፈች፤ እጇንም አሁንም ማንሻውን አጥብቆ በያዘው እጁ ላይ አደረገች።

"እንግዲያው ቶሎ አትውረድ" አለችው። "አንድ ቀን እንኳ እኩል እንድረስ።"

አባቴ እጁን ከእጇ ሥር ሳያወጣ ተቀመጠ። መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ስላላት ከእነሱ አንዱ ካልወረደ እኔ መውጣት አልችልም። እግሬ ደንዝዞ፣ ጉልበቴ አገጬ ላይ ሆኖ፣ ውረዱልኝ ሳልል ቆየሁ።