ታከለን ያዘፈንኩት ስንኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ቁጣዬን፣ ስስቴን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዋጥኳት ኖሬአለሁ። የሠራሁት በሰው ፊት ነው፤ ያየውም ብዙ ነው። ያየው ሁሉ ግን ጨዋታ መስሎት ሳቀ።

ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከዳዊትና ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። በልጆቼ ላይ የበረታሁትም ስለዚህ ይሆናል፤ ቃል ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ይመዘናል እያልኩ አሳደግኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ያሸንፈኝ ነበር፤ የእብናቶቹ አዝማሪዎች ጨዋታ። አራት ናቸው፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ። በኤሌክትሪክ የሚጮህ ነገር አይነኩም። ካሴታቸውን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ እስኪላላ ድረስ አጫወትኩት። ባለማሲንቆው ታከለ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሥራዬን አቁሜ እሰማው ነበር።

አንድ ዓመት ለቡሄ ወደ ከተማችን መጡ። በዚያው ሰሞን ሽማግሎች ደጄን ጠኑ። ታከለ ትልቋን ልጄን ዓለሚቱን ይፋግ ገበያ አይቷት ኖሯል፤ እሷም ወድዳዋለች። ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። ምንም የማስበው አልነበረኝም። በእኛ አገር አዝማሪ ይወደዳል፣ ይሸለማል፤ ልጅ ግን አይሰጠውም። ሰው ሁሉ የአዳም ልጅ ነው እያልኩ ስገሥጽ የኖርኩት እኔ፣ እኔው እንዲህ አሰብኩ።

በበዓሉ ማግስት ዓለሚቱን ይዤ ወደሚጫወቱበት ጠጅ ቤት ሄድኩ። እሷ ልቤ የራራ መስሏት አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። እኔ የሄድኩት ለጆሮዬ ነው። ለዓመታት በካሴት የሰማሁትን ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ በዓይኔ ሳይ አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ። ታከለ እፊቴ በርከክ ብሎ አባትነቴን አወደሰ። ዓለሚቱ መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ ከጎናችን የነበረ አንድ የእህል ነጋዴ ወዳጄ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ሰው እንዲሰማው ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “አያ ደምሴ፣ አንተስ ታድለሃል፤ ከእንግዲህ ለድግስህ አዝማሪ አትጠራም፣ ከቤትህ ነው የሚነሣ” አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ነደድኩ።

“ተቀበል” አልኩ።

በአዝማሪ ደንብ፣ ተቀበል ተብሎ የተሰጠ ስንኝ አይመለስም። አድማጭ ይሰጣል፣ ባለማሲንቆው በዜማ ይደግመዋል፤ ስድብ ቢሆንበትም ያው ነው። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ አደረግኩት። ታከለ “ይበሉ አባቴ” ብሎ ጆሮውን አስጠጋልኝ።

ማሲንቆህ ይግባና አንተ ከደጃፍ ቁም፤
አዝማሪ ያጫውታል፣ አማች ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ዓለሚቱን አያት። ከዚያ ዘፈነው። አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ በዚያው በምወደው ድምፅ ዘፈነው። ዋሽንቱ ዝም አለ። ከበሮ መቺው እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሰዎችም እየተነሡ፣ ራሱን ባዋረደበት ዘፈን፣ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፉለት። ሲጨርስ እጅ ነሣኝና “ግጥሙ ሰምሯል አባቴ” አለኝ።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ወደ ቤት ስንመለስ ስንኙን በልቤ እደጋግመው ነበር፤ ቤት በመምታቱ ኮርቼ። ዓለሚቱ ከኋላዬ ትከተላለች። የተናገረችው ደጃችን ስንደርስ ነው።

“አባዬ፣ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። በገዛ አፉ ያስባሉት ለምንድን ነው?”

በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ዓመት ሳይሞላ ወደ አረብ አገር ሄደች። ስትደውል ስልኩን እኔ ካነሣሁት ጤናዬን፣ የዝናቡን ነገር ጠይቃ “እማዬን ያቅርቡልኝ” ትላለች። አክብሮቷ ምንም አልጎደለም፤ ያ ነው የሚያቃጥለኝ። ታከለ ከዚያ ወዲያ ወደ ከተማችን አልመጣም። እብናት አግብቶ ወልዷል ይላሉ።

ወጉ ነው ልበል? ወጉ እምቢ በል ቢለኝ እንጂ አዋርደው አላለኝም። ጠጁ ነው ልበል? ገና አልቀመስኩትም ነበር። ነጋዴው ነው ልበል? እሱ የቀለደው በእኔ ነው፤ እኔ የመታሁት ታከለን ነው። ከታከለም አልፌ ልጄን ነው።

ወደ እብናት ጧት ጧት መኪና አለ። ሽማግሌ ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ ብወድቅ፣ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ማለቱ አይቀርም፤ ሲለምኑት እምቢ ያለ ይነወራልና። ታዲያ ይህም የእኔን ቃል ዳግመኛ በእሱ አፍ ማስባል አይሆንም? እንዲህ እያልኩ ስንት ክረምት ወጣ። አሁን ግን እውነቱን ልናገር፤ ይህም መሸሸጊያዬ ነው። ያልሄድኩት ፈርቼ ነው።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ይማርህ አትበለኝ። የበደልኩት አንተን አይደለም።