የሳሙናው ጃንጥላና የቦይናው ሳህን

ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ ገበያ መግቢያ ላይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ትንሽ ፓኬት ሻምፑ እጄ ላይ አኖረችልኝ። "አባባ፣ ናሙና ነው፤ በነፃ!" አለችኝ። አባባ ማለቷን ይቅር አልኳት። ራሴ ላይ የቀረው ፀጉር ያንን ፓኬት ለመጨረስ እስከ ልጅ ልጆቼ ዘመን ይፈጅበታል፤ እኔ ግን በነፃ የመጣ ነገር እምቢ ብዬ አላውቅም። እቤታችን የኩባንያ ስም ያልተጻፈባት ባለቤቴ ብቻ ናት።

ይህ አመል የጀመረኝ በአንድ የሳሙና ጃንጥላ ነው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም ከታላቅ እህቴ ከአማረች ጋር ነበር። አማረች መናኸሪያው አጠገብ የተቀቀለ ቦይና ዳጣ ከሚባል የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ጋር ትሸጣለች። ቦይና ለማያውቅ፣ ድንች የሚመስል፣ ሆድ ሲገባ ግን ድንጋይ ሆኖ የሚቀመጥ ሥራ ሥር ነው። ዳጣዋን ሶዶ ላይ የቀመሰ ሹፌር ደግሞ አፉን የሚዘጋው አርባ ምንጭ ሲደርስ ነው። ጣራዋ አንድ የላስቲክ ሸራ ነበር፤ እሱንም የበልግ ንፋስ ቀዶ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ዳሞታ ተራራ ደመና በደፋ ቁጥር ገበያዋን ትዘጋለች።

"ክረምቱ እንዲህ ከገባብን ተበላ ከተማ አካባቢ ያለው አጎትህ ጋ ሄደህ በቆሎ ትኮተኩታለህ። ትምህርቱ ይቆያል" አለችኝ አንድ ቀን። እኔ በሁሉ ነገር እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

በዚያው ሰሞን የአንድ ሳሙና ፋብሪካ መኪና መጣ። ሞንታርቦው እዚያ ማዶ ሻንቶ ከተማ ያሉትን ላሞች ሳያስደነግጥ አልቀረም። አንድ ቀጭን ሰውዬ መኪናው ላይ ቆሞ የዱቄት ሳሙና በትንንሽ ፓኬት ያድላል። ከበላዩ ቢጫና ሰማያዊ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ ሙሽራን ከነአጃቢዎቿ የሚያስጠልል! እኔም ሸሚዝ እየቀየርኩ ደጋግሜ ተሰለፍኩ።

"አንተ፣ ስንት መንታ ናችሁ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ጋሼ፣ ሳሙናው ይቅር። ጃንጥላውስ?"

"እሱ በካርቶን ለሚገዙ ሱቆች ነው።"

ከዚያ ሰውዬው ያልጠበቀው ነገር መጣ። በእኛ አገር የሰጠህን ሰው ባዶ እጁን አትሸኝም፤ ሳሙና የወሰዱት እናቶች አንዷ ሙዝ፣ አንዷ አቮካዶ፣ አንዷ ደግሞ የምትጮህ ዶሮ ይዘው ተመለሱ።

"ኧረ እናቶቼ፣ ነፃ ነው! ነፃ ነው!" ይላል በሻከረ ድምፁ።

"እኛስ መቼ ሸጥንልህ? ተቀበል እንጂ!" አሉት አንዲት አሮጊት፣ ዶሮዋን እቅፉ ውስጥ እየጨመሩ።

አማረች ከሩቅ ስታየው ቆየችና "ይሄ ሰውዬ ድምፁ አለቀ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ውሰድለት" ብላ አንድ ሳህን ቦይና ሰጠችኝ። በላ። ዳጣው ላይ ሲደርስ የፈሰሰው እንባ የመኪናውን ሳሙና ሁሉ አረፋ ያስደፍቅ ነበር። ሲጨርስ ሳህኑን ዘረጋልኝ። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ።

"ጋሼ፣ እኛ አገር ሳህን ባዶውን አይመለስም።"

"ቢመለስስ?"

"የመለሰው ሰው መኪና ይቆማል። አንዱ ቦምቤ መንገድ ላይ እንደቆመ ቀረ። አሁን እዚያው አግብቶ ወልዷል።"

ፓኬት ፍለጋ ካርቶኖቹን አራገፈ፤ አልቀዋል። በዚህ መሀል ካፊያ ጀመረ። ቀና ብሎ አማረችን አያት፤ ድስቱን ነጠላዋን አልብሳ እሷ ትረጥባለች። ከዚያ ጃንጥላውን መፍታት ጀመረ።

"ሳህኑ ላይ አይቀመጥም" አለኝ።

"በትከሻዬ እሸከመዋለሁ!"

"ደሴ ያለችው እናቴም ሳህን ባዶ አትመልስም። ያ የመኪናው ነገር ግን ያንተ ፈጠራ ነው" ብሎ ሳቀ። "ለአለቆቼ ንፋስ ወሰደው እላቸዋለሁ።"

አማረች ጃንጥላውን ስታይ "ምን ብለኸው ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። የቀረውን ቦይና በፌስታል ጠቅልላ ስትሮጥ መኪናው ሄዷል።

ያን ክረምት ጃንጥላው ሥር ያልቆመ የሶዶ ሰው የለም፤ መንገደኛ፣ መምህር፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሐኪም፣ ፍየል ሳይቀር። እኔም ትምህርቴን እዚያው ሥር ጨረስኩ። ዛሬ ያ ሳሙና ከገበያ ጠፍቷል፤ የጃንጥላው ጨርቅም ካለቀ ቆይቷል። አማረች ባለ ቆርቆሮ ምግብ ቤት አላት፤ ሹፌሮቹ ግን አሁንም "ጃንጥላዋ ጋ አውርደን" ይባላሉ።

ቅዳሜ ዕለት የሻምፑዋን ልጅ ነገር ሳወራት አማረች ወዲያው ሳህን ሞላች። ናሙና የሚያድል ሰው ባየች ቁጥር እንዲህ ናት።

"አማረች፣ ያ የሳሙናው ሰውዬ እኮ ከዚያ ወዲህ ከሰጠሽው ሁሉ አንዱንም አልበላም" አልኳት።

"ጃንጥላው ሥር የቆመውስ፣ እሱ የሚያውቀው ሰው ነበር?"

ቦይናው ሳይቀዘቅዝ ለልጅቷ ላድርስ ብዬ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።