በቀኝ በኩል ያለው ጣሳ

ባሌ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ቀብቷል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ግድግዳ አለሰልሳለሁ፤ አፌም አያርፍም። ከክረምት ወዲህ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ፤ የዓይኑን ጉድ መደበቅ። ሞራ ጋርዶታል፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ሰማያዊና ብርቱካናማ አይለይም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ሂጂ ወዲያ!» ይለኛል። ደረቅ!

ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ሞቅ ያለውን፣ ብርቱካናማ ዓይነቱን ቀለም ሁልጊዜ በቀኙ፣ ቀዝቀዝ ያለውን፣ ሰማያዊ ዓይነቱን በግራው አስቀምጥለታለሁ። አልተነጋገርንበትም፤ እጁ ግን ለመደው።

ዛሬ ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ቤት ነን። ሦስት ወር ሆስፒታል የተኛች ልጃቸው ነገ ትመጣለች፤ የምንቀባው የእሷን ክፍል ነው።

«ሰማያዊ መንፈስ ያረጋጋል ይላሉ» አሉ ሴትዮዋ።

«ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ሰማያዊ ይበርዳል» አለ ባሌ። «ለእሷ ሞቅ ያለው ብርቱካናማ ይሻላታል። ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ጥቂት ጥቂት ልቀባልዎትና ጋደም ብለው ይዩት።»

ልማዱ ነው፤ የቤቱ ባለቤት አልጋው ላይ ሆኖ ካላየው ሥራ አይጀምርም።

ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሴትዮዋ ወለሉን ሲጠርጉ በቀኝና በግራ ያስቀመጥኳቸውን የቀለም ጣሳዎች አቀያይረዋቸዋል። ባሌ ደግሞ ሁለቱንም ሙከራ ቀብቶ ጨርሷል። ወይ ጉዴ! ክው ብዬ ቀረሁ።

ሴትዮዋ ጋደም አሉ። «ሞቅ ያለው የቱ ነው?»

ባሌ ወደ ሰማያዊው ጠቆመ። «ይኼ ነዋ! የጠዋት ፀሐይ አይመስልም?»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። በዓይኔ ለመንኳቸው። ቀቢው አያይም የሚል ወሬ ከወጣ ማንም አይጠራንም። እሳቸውስ ምን ያድርጉ? ነገ እዚህ የምትተኛው ልጃቸው ናት።

«አዎ፣ ያምራል» አሉ ቀስ ብለው።

የባሌ ዓይን እንጂ ጆሮው አልደከመም። ብሩሹን አስቀመጠ።

«አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ተሳሳትኩ?»

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«የጠቆምከው ሰማያዊው ነው» አልኩት።

ሴትዮዋ «ግድ የለም» ሊሉ ሲጀምሩ እጁን አነሣ። ግድግዳውን ብዙ ካየ በኋላ ብሩሹን አንሥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«ያዢ፤ አንቺ ትቀቢያለሽ። ሞቅ ያለውን። ከላይ ወደ ታች፣ አትቸኩዪ። ልጅቷ ነገ ትመጣለች።»

ብሩሹን ነክሬ ከላይ ጀመርኩ። ሥራው እስኪያልቅ ከኋላዬ ቆሞ ደጋግሞ ይጠይቀኛል፦

«እስቲ ንገሪኝ፣ አሁን ምን ይመስላል?»