አብደራፊ ላይ የሰጠሁት ትእዛዝ

የልጅ ልጄ ሰብለ ትናንት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። መምህሯ ማዘዝን የሚገልጹ ቃላት ጽፈው ልዩነታቸውን ሠርታ እንድትመጣ ነግረዋታል፤ ኮማንድ፣ ኦርደር፣ ኢንስትራክት፣ ቴል፣ አስክ።

«አባባ፣ ሁሉም ያው ማዘዝ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

እዚሁ መተማ ዮሐንስ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ለዚህ መልስ አይጠፋኝም። ኮማንድ የጦር አዛዥ የሚሰጠው ነው፤ ኦርደር ሥልጣን ያለው ሁሉ ይሰጠዋል፤ ኢንስትራክት እንዴት እንደሚሠራ እያሳዩ ነው፤ ቴል ለቤትም ለገበያም ይሆናል፤ አስክ ግን ለታዛዡ እንቢ የሚልበት በር ይተውለታል። ነገርኳት፣ ጻፈች፣ ተነሥታ ገባች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ከጉምሩክ በኩል የከባድ መኪኖች ጥሩምባ ይሰማኛል፤ ልቤ ግን አብደራፊ ሄዷል።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ነበር። አንድ የእርሻ ባለቤት እንግሊዝኛ እንደማውቅ ሰምተው የትራክተራቸውን መመሪያ እንዳነብላቸው ቀጠሩኝ። መጽሐፉ በሁለት ቀን አለቀ፤ በሦስተኛው ቀን ካቦ አደረጉኝ። ማጭድ በወጉ ጨብጬ የማላውቅ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ የዐሥራ ሁለት አጫጆች አለቃ ሆንኩ። እነዚህኑ ቃላት የጻፍኩባት ትንሽ ማስታወሻ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከሁሉም ኦርደርን እወድ ነበር። ሳስበው ብቻ ደረቴ ይነፋል። ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ዋልካው አፈር መሰንጠቅ ጀምሯል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ከደረሰ በኋላ ሁለት ቀን ከዘገዩበት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ ጥድፊያ ላይ ነበርን። አጫጆቹ ከጎጃም፣ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ናቸው፤ እነሱ የሚሰሙት ሰው አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት የማሽላ እንጀራ በሽሮ በልተው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ያጭዳል። አንዱ ወደኋላ ሲቀር ግራና ቀኙ ያሉት ሳይጠየቁ ከድርሻው ቆርሰው ያጭዱለታል። እርሻው ዳር ሁሉም እኩል ይደርሳሉ፤ ውኃ የሚጠጣውም ከዚያ በኋላ ነው።

ለእኔ ይህ ስንፍናን መደበቅ ነበር። አንድ ጠዋት ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ቆሜ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ!» አልኩ።

አያ ታከለ ለአፍታ አዩኝ። «ካቦ፣ ልማዳችን እንዲህ አይደለም።»

«ትእዛዝ ነው፣ አያ ታከለ።»

«እሺ» አሉ። ሌሎቹም እሺ አሉ።

ረፋዱ ላይ ይታያል የሚባለው ወጣት ወደኋላ ቀረ። ሌላ ጊዜ ፊት ፊት የሚሄድ ልጅ ነው። ጎኑ ያሉት ሰዎች ዞር እያሉ እሱን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ ሰነፉ ተጋለጠ ብዬ ደስ አለኝ።

«ይታያል፣ በርታ እንጂ! ጥለውህ ሄዱ!»

ቀና ብሎ «እሺ፣ ካቦ» አለና ጎንበስ አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ማጭዱን እንደጨበጠ ያሰረው ነዶ ላይ ወደቀ። ሮጬ ደረስኩ፤ ሰውነቱ እሳት ነበር።

«ታምሜያለሁ አይልም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

አያ ታከለ የልጁን ራስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «እኛ ዘንድ ሰው ታመምኩ አይልም፤ ጎኑ ያለው ነው የሚያውቅለት» አሉኝ። «ድርሻው ሲቀር እናየዋለን፣ እናግዘዋለን፣ ከባሰበትም ጥላ እናስገባዋለን። ዛሬ አትንኩ አልከን።»

በትራክተሩ ተሳቢ ጭነን ወደ አብደራፊ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ራሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ ሙቀቱ በሱሪዬ ዘልቆ ጭኔን ያቃጥለኝ ነበር። የጤና ባለሙያው ወባው ጭንቅላቱ ላይ መውጣቱን ነገረን። «ምነው ጠዋት ብታመጡት!» አለ። በማግስቱ ከቀትር በፊት ሞተ።

ከቀብር ስንመለስ አጫጆቹን ሰብስቤ እንደ ልማዳችሁ ሥሩ አልኳቸው። «እሺ» አሉ፤ ልክ በዚያው ድምፅ። አዛዥ ስንት ቃል እንዳለው በቃሌ እወጣው ነበር። ታዛዥ ያለው አንድ እሺ ብቻ እንደሆነ፣ ውስጡ ያለውንም ቀርበው ካላዩት እንደማይታወቅ ያን ቀን ገባኝ። ለይታያል ግን አልደረሰለትም።

አጨዳው አልቆ ሲሄዱ አያ ታከለ ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ» አሉኝ፤ ካቦ አላሉኝም። «ለእናቱ ወባ ገደለው ነው የምላት። አንተም ሌላ እንዳትናገር። ወባ ብቻ ከሆነ አልቅሳ ይወጣላታል፤ የሰው እጅ አለበት ካልናት ግን ዕድሜ ልኳን ትቃጠላለች።»

«እሺ» አልኩ።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር። የይታያል እናት ዛሬ በሕይወት ያሉ አይመስለኝም፤ አያ ታከለም እንዲሁ። ያሉኝ ትእዛዝ ይሁን ልመና፣ ያዘኑት ለእናቲቱ ይሁን ለእኔ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቃላት አስተምሬ መለየት አልቻልኩም። የማውቀው እሺ ማለቴን ነው። ዛሬ ይህን ስጽፍ ቃሌን አፍርሻለሁ። ይታያልን የገደለው ወባ ብቻ አልነበረም።